የማይከፈል ብድር

«ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለውን ተረት አባቶቻችን ሲናገሩት ሰምተን እኛም ስንደግመው ኖረናል። ነገር ግን አዘውትረን የምንናገረውን ቃል ትርጉሙን ሳንመረምር ማለፍ የሰው ሁሉ ልማድ ነው። እኔም ይህን ተረት ከሕፃንነቴ ጀምሬ ባውቀውም ቃል በቃል እውነት መሆኑን የተረዳሁት ከእናቴ ልጅ ከታናሽ እኅቴ አካል የወጣች አንዲት ኩላሊት በእኔ አካል ውስጥ ገብታ መሥራት ከጀመረች በኋላ ነው።

ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገር ላጫውትህ አስቤአለሁ። አንደኛው ሰው ኩላሊቱን ለዘመዱ ለመስጠት የቻለበት ጥበብ እንዴት እንደ ተጀመረና ወደ አገራችን እንዴት እንደ ደረሰ ነው። ሁለተኛው በእኔና በቤተ ሰቤ ላይ የደረሰው ነው። ሁለቱን ያቀላቀልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ታሪክ የሰው ኑሮ ካልገባበት ይደርቃል፤ የአንድ ሰው ኑሮም ታሪክ ካልታከለበት ይጠባል። የውጭውን አገር ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን ግን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የተወለድሁት በአዊ ምድር ከእንጅባራ ብዙም በማይርቅ ገጠር ሲሆን፣ የማስተምረው በዳንግላ ከተማ ነው። አገራችን ደጋ ነው። ጧት ጧት ጉሙ በቀርከሃው ላይ ይተኛል፤ ገብሱና ድንቹ ከውርጩ ጋር እየታገለ ይበቅላል፤ ፈረስም ለአዊ ሰው ጌጡም እግሩም ነው። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች ውለታ ለማስታወስ በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። «ሰባት ቤት» የሚለው ስም ራሱ የወንድማማችነት ስም ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው የአገሩን ሰው የወለዱት ሰባት ወንድማማቾች ናቸው፤ ቤቶቹም አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ይባላሉ።

በገበሬዎቻችን ዘንድ ሁለት ዓይነት የሥራ መረዳዳት አለ። አንዱ ወንፈል ነው። ዛሬ አንተ የእኔን ብታርስ ነገ እኔ የአንተን አርሳለሁ፤ ቀኑ በቀን ይመለሳል፤ ያልመለሰ ሰው ስሙ ይጠፋል። ሁለተኛው ጅጊ ነው። ለታመመ፣ ለደከመ፣ ባሏ ለሞተባት ሴት ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያርሳል ያጭዳል፤ ይህን ብድር ግን ማንም አይቆጥረውም። እነዚህን ሁለት ቃሎች፣ አንባቢ ሆይ፣ በልብህ ያዝልኝ፤ ኋላ ያስፈልጉናል።

ወደ በሽታዬ ልመለስ። በ2004 ዓ.ም. ለሌላ ጉዳይ ወደ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሳለሁ የደም ግፊቴን የለካችው ነርስ ከልክ ያለፈ መሆኑን ነገረችኝ፤ መድኃኒትም ታዘዘልኝ። አንድ ወር ዋጥሁና ተውሁት። ምንም አላመመኝማ! ራሴን አላዞረኝ፣ እግሬን አልደከመኝ፣ ታዲያ ጤነኛ ሰው ለምን ክኒን ይውጣል ብዬ ተሟገትሁ። ተማሪዎቼን «የተነገራችሁን ስሙ» እያልሁ ስገሥጽ የኖርሁ መምህር፣ ለራሴ የተነገረኝን አልሰማሁም። ይህ ጥፋት የራሴ ነው፤ በማንም ላይ አላላክከውም።

በ2008 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ፊቴ ጧት ጧት ማበጥ ጀመረ። እህል ሸተተኝ፤ ያቅለሸልሸኛል፤ ሰውነቴን ያሳክከኛል፤ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ ትንፋሽ ያጥረኛል። ባሕር ዳር ሄጄ ስመረመር ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ አየና ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራቸውን ወደ ማቆም መድረሳቸውን ገለጸልኝ። የደም ግፊት ኩላሊትን ይጎዳል፤ የተጎዳ ኩላሊት ደግሞ መልሶ የደም ግፊትን ያባብሳል፤ ሁለቱ እንዲህ እየተጋገዙ ሰውን ሳያሳምሙ ይገድላሉ።

ኩላሊት ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው ብዙ ነውና ጥቂት ላስረዳ። እያንዳንዱ ኩላሊት የጨበጥነውን እጅ ያህላል፤ ክብደቱ 150 ግራም ገደማ ነው። በውስጡ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ወንፊቶች አሉ። ሁለቱ ኩላሊቶች በአንድ ቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርተው፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ ወደ ደም መልሰው፣ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሊትር የሚሆነውን ቆሻሻ ብቻ በሽንት ያስወጣሉ። የደምን ግፊትና ጨው ይመዝናሉ፤ ደም እንዲፈጠርም ትእዛዝ ይሰጣሉ። ሰው በአንድ ኩላሊት ብቻ በጤና ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ሲወጣ የቀረው ጥቂት ይገዝፍና የጓደኛውን ሥራ ደርቦ ይይዛል። እንግዲህ ለሌላ ሰው መስጠት የተቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኩላሊቱ የቆመበት ሰው ደሙን በመኪና ካላሳጠበ በሳምንታት ውስጥ ይሞታል። ይህን መኪና ያበጀው ቪለም ኮልፍ የሚባል የኔዘርላንድ ሐኪም ነው። አገሩ በጀርመኖች ተይዞ፣ ዕቃም ጠፍቶ በነበረበት በ1943 ካምፐን በምትባል ከተማ፣ የቋሊማ መጠቅለያ በሚሆን ስስ ልባስ ደሙን እያሳለፈ በሚዞር በርሜል ላይ ማጠብ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን አብዛኞቹ ሞቱበት፤ እርሱ ግን አልተወም። በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት በዚህ መኪና ከሞት ተረፈች። ትዕግሥት ምን እንደሚሠራ ከዚህ ተማር።

እኔም ዳንግላን ትቼ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ፣ ቡሬን፣ ደብረ ማርቆስንና የዓባይን በረሃ አቋርጬ አዲስ አበባ ገባሁ። በአክስቴ ቤት ተጠግቼ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ገንዘብ ሲገኝ ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት አራት ሰዓት ከመኪናው ጋር እታሰር ነበር። መኪናው ሕይወት ይሰጣል፤ ነገር ግን ሕይወትን እየሰፈረ ነው የሚሰጠው። ውሃ በሲኒ ተለክቶ ይጠጣል፤ ሙዝና ብርቱካን ይከለከላል፤ በማግሥቱ ሰውነት ተደብድቦ እንዳደረ ይደቅቃል። ቤት ያለው ገንዘብም እንደ በጋ ጅረት ይደርቃል። መጀመሪያ የባሕር ዛፉ ተሸጠ፤ ቀጥሎ አንዱ በሬ ተከተለ።

በዚህ ጊዜ ሐኪሞቹ ከቤተ ዘመድ ኩላሊት የሚሰጥ ሰው ቢገኝ እንደሚሻል ነገሩኝ። ይህ ነገር ከየት እንደ መጣ ለማወቅ በሕመም አልጋዬ ላይ ሆኜ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ፤ ያነበብሁትንም አሁን አካፍልሃለሁ።

በ1933 ዩሪ ቮሮኖይ የሚባል ሐኪም በዩክሬን ከሞተ ሰው ኩላሊት ወስዶ ለአንዲት ሕመምተኛ ተከለላት፤ ሴቲቱ ግን በሁለተኛው ቀን ሞተች። በ1952 የፈረንጆች ገና ዋዜማ ደግሞ በፓሪስ በኔኬር ሆስፒታል አንድ አስደናቂ ነገር ተደረገ። ማሪየስ ረናር የሚባል የ16 ዓመት አናጢ ልጅ ከሥራ ላይ ወድቆ ኩላሊቱ ተጎድቶ ነበርና ሐኪሞች አወጡለት። ካወጡለት በኋላ ግን ልጁ ሲወለድም ጀምሮ አንድ ኩላሊት ብቻ እንደ ነበረው ታወቀ። እናቱ ዢልቤርት የእኔን ውሰዱለት ብላ ሐኪሞቹን ለመነች። እንደ ለመነችውም ተደረገ። የእናቱ ኩላሊት ሦስት ሳምንት ያህል ሠርታ ቆመች፤ ልጁም ሞተ። ሕያው ሰው ከፈቃዱ ለዘመዱ ኩላሊት የሰጠበት ነገር የተጀመረው እንዲህ በእናት ነው፤ ውጤቱም ኀዘን ነበር።

የእናት ኩላሊት ለልጇ ያልሆነበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ምሥጢር የመረመረው እንግሊዛዊው ፒተር ሜዳዋር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእሳት ለተቃጠሉ ሰዎች ቆዳ ሲለጥፉ፣ ከሌላ ሰው የመጣው ቆዳ ለምን እንደማይጸና ሲመረምር ቆይቶ፣ የሰውነት ጠባቂ ኃይል ባዕዱን ለይቶ እንደሚያጠፋው አስረዳ፤ በዚህም የምርምር መንገዱ በ1960 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ነገሩ እንደ ቤታችን ውሻ ነው። ውሻ ጌታውን ለመጠበቅ እንጂ ለክፋት አይጮኽም፤ ነገር ግን ለጌታው መድኃኒት ይዞ የመጣውንም እንግዳ ይነክሳል። ሰውነትም የእናትን ስጦታ ከበሽታ አይለየውም።

ውሻው የማይጮኽበት አንድ እንግዳ ግን አለ፤ እርሱም ጌታውን የሚመስል መንታ ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 1947 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 23 ቀን 1954 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል፣ ዶክተር ጆሴፍ መሪና ጓደኞቹ የሮናልድ ሄሪክን ኩላሊት ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ተከሉ። ሐኪሞቹ ጤነኛ ሰው ለራሱ በማይጠቅም ቀዶ ሕክምና ማለፉ ተገቢ ነው ወይ ብለው አስቀድመው የሃይማኖት አባቶችንና ሕግ ዐዋቂዎችን ጠየቁ፤ ሁለቱ በእርግጥ አንድ ዓይነት መንታ መሆናቸውን ለማረጋገጥም በፖሊስ ጣቢያ የጣት አሻራቸውን አስመረመሩ። በዋዜማው ሌሊት ሪቻርድ ለወንድሙ በቁራጭ ወረቀት ተወኝና ወደ ቤትህ ሂድ ብሎ ጻፈለት። ሮናልድም መጥቻለሁ፣ አልሄድም ብሎ መለሰለት። ቀዶ ሕክምናው አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ፤ የደም ሥሩ ተያይዞ ደም ሲገባ ኩላሊቷ ቀላች፤ ሽንትም ወዲያው ወረደ። ሪቻርድ ከዚያ በኋላ ያስታመመችውን ነርስ አግብቶ ሁለት ሴቶች ልጆች ወልዶ ስምንት ዓመት ኖረ። ወንድሙ ሮናልድ በአንድ ኩላሊት እያረሰና እያስተማረ 56 ዓመት ኖሮ በ2010 በ79 ዓመቱ ዐረፈ። ዶክተር መሪም በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

መንታ የሌለው ሰውስ? ለእርሱ መንገድ የተከፈተለት ጠባቂውን ኃይል የሚያበርዱ መድኃኒቶች ሲገኙ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዛታዮፕሪን የሚባለው መድኃኒት መጣ። በ1970ዎቹ ደግሞ ከኖርዌይ ተራራ ከመጣ አፈር ውስጥ ከተገኘ ሻጋታ ሳይክሎስፖሪን የሚባለው ተገኘ፤ በ1983 በአሜሪካ እንዲሠራበት ተፈቀደ። ሰው የሚረግጠው አፈር የሰውን ሕይወት እንደ ደበቀ አስብ! እነዚህ መድኃኒቶች ውሻውን አይገድሉትም፤ ያስሩታል እንጂ። ስለዚህም ሕመምተኛው ዕድሜውን ሙሉ ጧትና ማታ በሰዓቱ መዋጥ አለበት፤ ከተወ ውሻው ይፈታል። ደግሞም ውሻው ስለ ታሰረ ሌባው፣ ማለት ተላላፊ በሽታው፣ እንዳይገባ መጠንቀቅ አለበት።

ወደ አገራችን ይህ ሕክምና የገባው በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማእከል ተከፍቶ፣ ከአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሐኪሞችና የአገራችን ሐኪሞች አብረው የመጀመሪያዎቹን ሕሙማን አከሙ። ሆስፒታሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድኾች እንዲታከሙበት የተሠራ ነው። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ሕንድና ወደ ሌላ አገር ይሄድ ነበር፤ አቅም የሌለው ግን ሞቱን ይጠብቅ ነበር። ማእከሉ ሲከፈት የተፈቀደው ሕያው የሆነ ቤተ ዘመድ ያለ ዋጋ የሚሰጠው ስጦታ ብቻ ነው። ለምን ቢባል፣ በልዩ ልዩ አገር ድኻ በዕዳ ተይዞ ኩላሊቱን ሲሸጥ፣ ደላላው ሲበለጽግ ስለ ታየ ነው። ይህን ነውር ለመከልከል የብዙ አገር ሐኪሞች በ2008 በኢስታንቡል ከተማ ተሰብስበው መግለጫ አውጥተዋል።

ስለ ሽያጭ ያነሣሁት እኔም ስለ ተፈተንሁ ነው። አንድ ቀን ከመኪናው ወርጄ በደጅ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ የማላውቀው ሰው ጠጋ ብሎ፣ ገንዘብ ካለህ ዘመድ የሚሆን ሰው ይፈለግልሃል አለኝ። የዚያን ሌሊት አልተኛሁም። የአባቴን መሬት ድርሻዬን ለመልቀቅ በልቤ አሰላሁ። ሲነጋ ግን ያ የሚሸጠው ልጅ ማን ይሆን ብዬ አሰብሁ። ምናልባት ትናንት ከፊቴ የተቀመጠ፣ ደብተር መግዣ ያጣ ተማሪዬ ይሆናል። ያን ሰው ሁለተኛ ስመጣ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ከዚህ በኋላ ቤተ ሰቤ መከረ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እናቴ ማንንም ሳታስቀድም ከእንጅባራ በአውቶቡስ መጣች። «ጡቴን ሰጥቼ አሳድጌህ የለም ወይ፤ ኩላሊቴን ብሰጥህ ምን ይገርማል?» አለች። ስትመረመር ግን ዕድሜዋም የገፋ፣ የደም ግፊትም ያለባት ሆነችና ሐኪሞቹ እንደማይቻል በትሕትና ነገሯት። እንደ ልጅ አለቀሰች። ይሁን እንጂ ለእኔ ብላ ስትመረመር የራሷ በሽታ ታወቀላትና እስከ ዛሬ መድኃኒቷን እየዋጠች በጤና አለች።

ቀጥሎ ታላቅ ወንድሜ መጣ። አያ ያባቴን ሞፈር የወረሰ፣ ቃሉ ጥቂት፣ ጉልበቱ ብዙ የሆነ ገበሬ ነው። ሦስት ቀን ተመረመረ። በሦስተኛው ቀን ማታ ወደ አክስቴ ቤት ገብቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «አይሆንም አሉኝ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ አገሩ ተሳፈረ። ዘመድም መንሾካሾክ ጀመረ። አንዱ «እንደ በሬ የሚያርስ ሰው እንዴት አይሆንም?» አለ፤ ሌላው «ፈርቶ ነው» አለ። እኔም ወሬውን ሰማሁ፤ መስማት ብቻ አይደለም፣ አመንሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክ ሲደውል ድምፄን አቀዝቅዤ አናግረው ነበር።

በመጨረሻ ታናሽ እኅቴ መጣች። የዚያን ጊዜ 24 ዓመቷ ነበር፤ በኮሶበር ገበያ ድንች ትነግዳለች። እኔ እንቢ አልሁ። «ገና ያላገባሽ ልጅ ነሽ፤ ነገ ባል ምን ይልሻል? ልጅስ እንዴት ትወልጃለሽ?» አልኋት። እርሷ ግን እኔን ትታ ሐኪሙን ጠየቀችው። ሐኪሙም በደንብ ከተመረመረችና ክትትል ካደረገች መውለድ እንደምትችል አስረዳት። ስለዚህም ነገር ታሪክ ይመሰክራል። በ1956 ኢዲዝ ሄልም የምትባል አሜሪካዊት ከመንታ እኅቷ ኩላሊት ተቀብላ በ1958 ልጅ ወለደች፤ እስከ 2011ም ድረስ ኖረች። የተቀበለችው ከወለደች የሰጠችው ለምን አትወልድም?

የደማችን ዓይነት ገጠመ። የእናትና የአባት ልጆች በሥጋቸው ጠባይ ፈጽሞ የሚገጥሙበት ዕድል ከአራት አንድ ነው፤ ከፊል የሚገጥሙ ግን ብዙ ናቸው፤ በመድኃኒቱ ኃይል ይህም ይበቃል። እኛ ከፊል ገጠምን። ዝምድናችን በማስረጃ ተጣራ፤ እርሷንም ብቻዋን አስገብተው፣ ያስገደደሽ አለ ወይ፣ የተሰጠሽ ገንዘብ አለ ወይ፣ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሐሳብሽን መለወጥ እንደምትችዪ ታውቂያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት።

በ2010 ዓ.ም. ቀኑ ተቆረጠ። በዋዜማው ማታ ፍርሃት ያዘኝ፤ የፈራሁትም ለእርሷ ነው። ወደ ተኛችበት ክፍል ሄጄ፣ «አሁንም አልመሸም፣ ተነሥተሽ ወደ እናታችን ሂጂ» አልኋት። እርሷም «አያ፣ አንተ ስትሞት እኔ ቤት ሄጄ ድንች ልሽጥ? ይልቅ ሂድና ተኛ» አለችኝ። የሪቻርድንና የሮናልድን የወረቀት ነገር ያነበብሁት ከዚህ በኋላ ነው። ባነበብሁ ጊዜ እንባዬ መጣ። ቦስተንና ኮሶበር ምን ያህል ይራራቃሉ! የወንድምና የእኅት ቃል ግን አንድ ሆኖ ተገኘ።

ሐኪሞቹ ከእርሷ ግራ ጎን አንዲቱን አውጥተው በእኔ ቀኝ ታችኛ ሆድ ውስጥ አኖሯት። ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ የቀድሞዎቹን ኩላሊቶች አብዛኛውን ጊዜ አያወጧቸውም፤ አዲሲቱን ወደ እግር በሚወርደው የደም ሥር ላይ ሰፍተው፣ ቧንቧዋን ከፊኛ ጋር ያገናኟታል። ስነቃ የመጀመሪያ ጥያቄዬ እርሷ ደኅና ናት ወይ የሚል ነበር። ነርሷም ደኅና መሆኗን ነግራኝ በአልጋዬ ሥር የተንጠለጠለውን ከረጢት አሳየችኝ፤ ሽንት ሞልቶበታል። አክስቴ በኮሪደሩ ይህን ሰምታ እልል አለች። በሰው ሽንት እልል ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? እኛ ቤት ተብሏል።

ካገገምሁ በኋላ ሌላ በሽታ ያዘኝ፤ ይኸውም የውለታ በሽታ ነው። ይህን ብድር በምን እመልሰዋለሁ እያልሁ ተጨነቅሁ። ጋቢ ገዛሁላት፤ ዝም ብላ ተቀበለች። ደመወዜን ላካፍላት አልሁ፤ ሳቀች። በመጨረሻ የመሬት ድርሻዬን ልስጥሽ ስላት ተቆጣች። «እኔ ጅጊ ወጣሁልህ እንጂ ወንፈል መች ገባሁ?» አለችኝ። ፊደል ካስቆጠርኋት ልጅ ይህን ትምህርት ተማርሁ። ከልብ የተሰጠን ነገር በዋጋ ለመመለስ መሞከር ስጦታውን ወደ ገበያ ማውጣት ነው፤ ከዚያ ካባረርሁት ደላላ የሚለየውም በጥቂቱ ነው። የማይከፈል ብድር የሚከበረው በመጠበቅ ነው። እኔም መድኃኒቴን ጧት በሁለት ሰዓት፣ ማታ በሁለት ሰዓት ስውጥ ብድሯን የማከብርበት መንገድ ይኸው እንደ ሆነ ተረዳሁ። እኅቴ ዛሬ አግብታ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ በየዓመቱም ትመረመራለች።

አሁን የቀረኝን፣ የሚያሳፍረኝን ነገር ልናገር። ከጊዜ በኋላ ለክትትል ሄጄ ከአንድ ሐኪም ጋር ስንጫወት፣ ሊሰጥ የመጣ ሰው ልቡ ቢፈራ ምን ታደርጋላችሁ ብዬ ጠየቅሁት። ሐኪሙም እንዲህ ሲል ገለጸልኝ። ሰጪው የሚነጋገረው ብቻውን ነው፤ የተመረመረው ውጤትም የእርሱ ምሥጢር ነው። በሽታ ቢገኝበትም፣ ልቡ ባይፈቅድም፣ ለቤተ ዘመድ የሚነገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አይሆንም» ይባላል። ይህም የሆነው ማንም ሰው በዘመድ ፊት እንዳያፍርና ተገድዶ እንዳይሰጥ ነው።

ይህን ስሰማ አያ በአክስቴ ቤት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የቆመው ታየኝ። «አይሆንም አሉኝ» ያለው ቃል ሁለት ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል፣ እኔ ግን የክፉውን መርጬ እንደ ያዝሁ ታወቀኝ። ደግሞም ፈርቶ ቢሆንስ? ሚስትና አራት ልጆች ያሉት፣ በጉልበቱ የሚያድር ሰው ሆዱን ለምላጭ ለመስጠት ቢፈራ ወንጀሉ ምንድን ነው? ሰው እንዳይሰጥ መብት ከሌለው፣ የሰጠውስ ስጦታ መሆኑ በምን ይታወቃል? ስጦታ ስጦታ የሚሆነው «እንቢ» ማለት የሚቻልበት ቦታ ሲኖር ብቻ ነው። ወንድሜን ስኰንን የእኅቴንም ስጦታ ወደ ግብር ለውጬው ነበር።

ከዚያም ሌላ ነገር አስታወስሁ። በታመምሁበት ዘመን ሁሉ የእኔን ድርሻ መሬት ያረሰው፣ አረሙን ያረመው፣ ድንቹን ሸጦ በየወሩ ለእጥበቱ ገንዘብ የላከው ማን ነው? ያን ሁሉ እያየሁ አላየሁትም፤ የጎደለውን ስቆጥር የተሰጠኝን ረሳሁ።

በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ለፈረሰኞቹ በዓል ወደ እንጅባራ ወጣሁ። ሜዳው በፈረስ ተሞልቷል፤ አቧራው ይጨሳል። አያ ከሰው ጥግ ቆሞ አገኘሁት። ሰላምታ ተሰጣጥተን ጥቂት ዝም አልን። ከዚያ እርሱ፣ «ያን ጊዜ አዲስ አበባ…» ብሎ ጀመረ። እጁን ያዝሁትና፣ «አያ፣ ያን ጊዜ መሬቴን ማን አረሰልኝ?» አልሁት። መልስ አልሰጠኝም፤ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። እኔም ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም፤ ወደ ፊትም አልጠይቀውም። የማላውቀው ነገር በመካከላችን አለ፤ ግን እንደ ግድግዳ አልለየንም።

እንግዲህ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ የምትይዘው ብዙ አይደለም። መጀመሪያ፣ አለመታመም ጤና ነው አትበል፤ የደም ግፊትህን አስለካ፤ የታዘዘልህን መድኃኒት አትተው። ሁለተኛ፣ ዘመድህ ቢታመምና መስጠት ብትወድ በደስታ ስጥ፤ ልብህ ባይፈቅድ ግን በሌላ ጉልበትህ እርዳ እንጂ ራስህን አትጥላ። ሦስተኛ፣ ያልሰጠውን ሰው አትፍረድበት፤ ምሥጢሩን አታውቅምና። አራተኛ፣ የሰው አካል ለገበያ አይወጣም። የመጨረሻው ግን ይህ ነው፦ የማይከፈል ብድር ቢኖርብህ አትጨነቅ፤ እያንዳንዳችን እናታችን ካጠባችን ቀን ጀምሮ ባለ ዕዳዎች ነን። ዕዳህን ዕወቅ፤ የተሰጠህን ጠብቅ፤ ተራህም ሲደርስ ለሌላው ጅጊ ውጣ።